ከዌስተን እስከ አራተኛ ዲቪዚዮን

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ዌስተን

መጋቢት ተጋምሶም ዌስተን ጣቢያ ጥግ ላይ የጠቆረ በረዶ ተከምሯል። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሌላው መንገደኛ ሻንጣ ይጎትታል፤ እኔ የያዝኩት አንድ ሰማያዊ ፋይልና ሁለት እስክሪብቶ ብቻ ነው። ቶሮንቶን ከዳር እስከ ዳር ላቋርጥ ነው የወጣሁት። ፓስፖርት የማያስፈልገው ጉዞ ቢሆንም እንደዚህ የጨነቀኝ መንገድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ መላኩ የአንድ የሐበሻ እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ነኝ። ክለባችን ሃያ ዓመት በየፓርኩ ሲጫወት ኖሯል፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ለወሬ ያህል ነበር። ዘንድሮ የከተማው አማተር ሊግ በአራተኛ ዲቪዚዮን፣ ማለትም በመጨረሻው እርከን፣ አንድ ክፍት ቦታ ሰጠን። በአባላት የሚተዳደር ክለብ ሆነን ለመግባት ግን ከአባላቱ ከግማሽ በላይ በእጃቸው የፈረሙበት ደንብ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማስገባት አለብን። ካልሆነ አንድ ነጋዴ ወዳጃችን «በእኔ ስም ላስመዝግበው፤ ማሊያውንም የሜዳ ኪራዩንም እችላለሁ» ብሎናል። ለጋስ ሰው ነው። ክለቡ ግን ከዚያ ወዲያ የእሱ ይሆናል፤ በቃኝ ባለ ቀን ያከትምለታል።

መዝገባችን ላይ ሠላሳ ስድስት ስም አለ፤ ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ፊርማ ያስፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ ሮጬ አሥራ ስድስት አገኘሁ። ከቀሩት አምስቱ ሞተዋል። ዘጠኙ ቤት ይረክሳል ብለው አልበርታ ገብተው ስልካቸውን ቀይረዋል። ሦስቱ አገር ቤት ናቸው። አንዱ ከስምንት ዓመት በፊት በሃያኛው ደቂቃ ተቀይሮ ስለወጣ እስከ ዛሬ ኮል ባክ አላደረገም። የቀሩኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ቢፈርሙ አሥራ ስምንት፤ አንድ ይጎድላል።

አንደኛው ታደለ ነው፣ አውቶቡስ ነጂ። ሥራ ሊገባ ሲል ጣቢያው በር ላይ ያዝኩት።

«ሳይን ላድርግልህ፤ ግን ሚቲንግ እንዳትጠራኝ፣ ኦቨርታይም ላይ ነኝ» አለና ፋይሉን ጀርባዬ ላይ አስደግፎ ፈረመ። አሥራ ሰባት።

አንድ ሰዓት፤ ባቡር ውስጥ

ከአየር ማረፊያ የመጣው ባቡር ውስጥ ግማሹ ሰው ሻንጣውን ተደግፎ ተኝቷል። ከፊት ለፊቴ ጆሮው የቀላ፣ ኮቱ እስከ አገጩ የተቆለፈ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ሚስተር ዱገል። የስኮትላንድ ሰው ነው፣ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ። አሁን የከተማው ሊግ መዝገብ ያዥ እሱ ነው፤ የእኔን ፋይል የሚቀበለውም እሱ።

«ልረዳህ አልችልም፤ ሥራዬ አይፈቅድም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «የአገሬን ወሬ ማውራት ግን አልተከለከለም።»

የትውልድ ከተማው ክለብ የሚጫወተው በስኮትላንድ አራተኛ እርከን ነው። ከጎሉ በስተጀርባ ባሕር አለ፤ ኳስ ስትወጣ ጀልባ ያለው ሰው ይለመናል።

«አንድ ሀብታም መጥቶ ገዛን» አለ። «ሁለት ዓመት ተምነሸነሽን። በሦስተኛው ሰለቸው። የተጫዋች ደሞዝ ሳይከፍል ሄደ፤ የመብራቱ ዕዳ እንኳ ለእኛ ቀረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከተማው አዋጥቶ ገዛው። አሁን ዓሣ ሻጯ አንድ ድምፅ አላት፤ ሐኪሙም አንድ።»

ስለ አገሩ ሊግም ነገረኝ። ድሮ ከሁሉም በታች የወጣ ቡድን ምንም አይሆንም ነበር፤ በሩ ዝግ ነው። አሁን ግን ከሥር ያለ የመንደር ቡድን አሸንፎ ይገባል፣ የተኛው ከሊጉ ይወጣል። የእነሱም ክለብ አንድ ዓመት ሊወጣ ለጥቂት ተርፏል።

«ፈራችሁ?»

«እንቅልፍ አልነበረንም። ግን እንደዚያ ዓመት ሜዳው በሰው ሞልቶ አያውቅም።»

ቀናሁበት። እውነቱን ልናገር፣ ለመውረድ መፍራት እንኳ አማረኝ፤ እኛ ገና የምንወርድበት ደረጃ የለንም። ዩኒየን ጣቢያ ላይ እሱ ወደ ቢሮው፣ እኔ ወደ ምድር ባቡሩ ተለያየን።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ክሬሰንት ታውን

ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ወርጄ ሳምቡሳ መሳይ ትኩስ የሥጋ ፓቲ ገዛሁ። አራት ዶላር ከምናምን፤ ድሮ በሁለት ዶላር ሲሸጥ አውቀዋለሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ከረጃጅሞቹ ፎቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ ተበላሽቷል፤ ከሁለት ጋሪ፣ ከአንድ ፍራሽና ከአምስት ቋንቋ ጋር ተጨናንቄ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ደረስኩ።

ጋሽ በላቸው ከክለቡ መሥራቾች አንዱ ናቸው፣ መዝገቡም የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ጾም ነው፤ የፓቲው ሽታ ከጃኬቴ ሳይለቅ እንደገባሁ ያወቁብኝ ገና በር ላይ ነው።

«እናንተ ጴንጤዎች ታድላችኋል» ብለው ሻይና ደረቅ ዳቦ አቀረቡልኝ።

የመጣሁበትን ያውቃሉ። በስልክ ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸው «ይህ በስልክ አይወራም» ብለውኛል።

«ጋሽ በላቸው፣ የሞቱትን ብቻ እንሰርዝ» አልኳቸው። «ያኔ የያዝነው ፊርማ ይበቃል። እርስዎ ከፈቀዱ ሌላው አይቃወምም።»

«መዝገቡ ሲከፈት ለኳስ ብቻ አልነበረም» አሉ። «ሰው ሲታመም፣ ሐዘን ሲገባ፣ የምንደርሰው በዚህ ስም ነው። ከሞቱት የተሾመን ስም ብሰርዝ፣ ነገ ሚስቱ አንድ ነገር ብትሆን በማን ስም ነው በሯን የማንኳኳው? እኛ ስም ጽፈን እንጂ ሰርዘን አናውቅም።»

«ታዲያ ክለቡ ይሙት?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ወዲያው አፈርኩ። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ መጮሄ ነው።

ጋሽ በላቸው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙ፤ አሥራ ስምንት። ከዚያ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ።

«እኔ አልሰርዝም። የተሾመ ሚስት አስካለ የባሏን ስም ልሰርዝ ካለች ግን የእሷ ፈንታ ነው። ሂድና ፊት ለፊት ጠይቃት።»

በሩን ስዘጋ ሒሳቡን ሠራሁ። አንድ ስም ብቻ ቢሰረዝ ሠላሳ አምስት እንሆናለን፤ ለሠላሳ አምስት ደግሞ አሥራ ስምንት ይበቃል።

አምስት ሰዓት፤ ጄራርድ መንገድ

በሐዲድ የሚሄደው ስትሪትካር ይንፏቀቃል። የሕንዶች የጣፋጭ ቤቶች፣ የቬትናም ሾርባ ቤቶች፣ የዶን ወንዝ ድልድይ። መሃል ላይ የመንገድ ሥራ አለና አርባ ደቂቃ ቆምን። አንዲት ሴትዮ «ዎክ ብናደርግ ይሻላል» ብላ ስትወርድ ተከተልኳት። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ላልሞላት ሴት «ስሙን ልሰርዘው» የሚባለው እንዴት ተደርጎ ነው?

ሰባት ሰዓት፤ ሪጀንት ፓርክ

እትዬ አስካለ የሟቹ የጋሽ ተሾመ ባለቤት ናቸው። ያገኘኋቸው ከአዲሶቹ ፎቆች በአንዱ፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላ ያጥፋሉ። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸውና እያጠፍን ነገርኳቸው። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩ።

አንሶላውን ቅርጫት ውስጥ ከተቱ።

«ስሙ ስንተኛ ላይ ነው?»

«አንደኛ።»

መዝገቡን ማሽኑ ላይ ዘረጉት። የአውቶቡስ ካርዳቸውን እንደ ማስመሪያ ተጠቅመው በስሙ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ።

«ተሾመ የተጣመመ ነገር አይወድም ነበር» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ገጹን ገልብጠው ከመጨረሻው ስም ሥር «አስካለ» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

«እትዬ፣ እንደዚህማ ወደ ሠላሳ ስድስት ልንመለስ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ፊርማ ሊያስፈልገን!»

«ታዲያ እኔ አልፈርምም?»

እውነትም። ሳምንት ሙሉ የሞቱትን፣ የሄዱትን፣ ያኮረፉትን ስቆጥር እሳቸው ለአንድ ደቂቃ እንኳ ትዝ አላሉኝም።

«ሃያ ዓመት ማሊያ ያጠብኩት እዚህ ማሽን ላይ፣ ከዚህ በፊት ደግሞ በድሮው ሕንፃ ነው» አሉ። «በየሳምንቱ፣ ማሽኑ በሚበላው በራሴ ኳርተር ሳንቲም። ሂሳቡን የጠየቀኝ የለም፣ ሜምበር ነሽ ያለኝም የለም። ደንባችሁ ለሴት አይሆንም ይላል?»

«አይልም። ያሰበው ሰው ነው የጠፋው።»

«ድምፄ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«የበላቸውስ?»

«አንድ።»

«ጥሩ። ለመጀመሪያው ሚቲንግ አጀንዳ ያዝልኝ። ማሊያውን የለበሰ ያጥባል።» ፈረሙና ካፖርታቸውን አነሱ። «ወረቀቱን አብሬህ አደርሳለሁ። አንተ ሳትጥለው አትቀርም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፤ ዳንዳስ መንገድ

የሊጉ ቢሮ ከአንድ የጫማ ጥገና ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሚስተር ዱገልን ሊሄድ ብሎ አንድ እጁን በኮቱ እጅጌ ውስጥ አስገብቶ አገኘነው። ተቀምጦ ቆጠረ። ሠላሳ ስድስት ስም፣ አሥራ ዘጠኝ ፊርማ። ደግሞ ቆጠረ። ማኅተሙን መታ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅሁ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ የቅጹን የመጨረሻ ገጽ እያሳየኝ። «የክለቡ ባለቤት ስም።»

አጭር መስመር ናት፤ ለአንድ ሰው ስም የምትበቃ። እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ። እትዬ አስካለ ምን እንደሚል ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው።

«ቦታው አነሰ በለው» አሉኝ። «ወረቀት ይጨምርልን።»

ነገርኩት። ሚስተር ዱገል ሳቀና ከመሳቢያው ሁለት ባዶ ወረቀት አወጣ። እትዬ አስካለ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እሳቸው በአማርኛ፣ እኔ ከጎኑ በእንግሊዝኛ ስሞቹን መጻፍ ጀመርን። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳይ ሚስተር ዱገል ኮቱን አውልቆ መስቀያው ላይ መልሶታል።

«አትቸኩሉ» አለ። «የባለቤቶቹ ስም በትክክል ይጻፍ።»