ሁለተኛ ዓይን

እሷን እዚያ መሥሪያ ቤት ያስገባኋት እኔው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን ለመቁጠርም ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የምንጣፍ ሱቅ ፎቅ ላይ፣ ለቤት የሚሆን ኮምፒውተር የሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ነበር። እኔ እዚያ ግራፊክ ዲዛይነር ነበርኩ። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራዬ ግን ማኑዋል ነበር። ዲስኩ በየት እንደሚገባ፣ ገመዱ የት እንደሚሰካ በቀጭን ብዕር መሣል። ያንን ማሽን ከፊትም ከኋላም ስሥለው አራት ዓመት ኖርኩ። የምመኘው ግን የማሽኑን ማሸጊያ ካርቶን መሥራት ነበር። ካርቶን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። ማኑዋል ማንም አያነብም፤ እኔም ብሆን ቴሌቪዥን ስገዛ አላነብም።

እሷ ከዊልስደን ነበር የምትመጣው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሠራችውን የበዓል መጥሪያ አይቼ፣ "አፕላይ አድርጊ፣ እኔ አነጋግርልሻለሁ" አልኳት። ያገሬ ልጅ ናት፣ በአሥር ዓመት ታንሰኛለች፣ ጋሼ ትለኛለች። ቢሮም ውስጥ እንደዚያ ስትለኝ እንግሊዞቹ ስሜ መስሏቸው፣ አለቃው ሳይቀር "ጋሼ፣ ሻይ ትጠጣለህ?" ይለኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋን እንኳ ሳትጨርስ አዲሱን ካርቶን ለእሷ ሰጧት።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ምን አድርጋኝ? ምንም። "እንኳን ደስ ያለሽ" ብያት ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና አንዱን ገመድ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ሣልኩት። ቀናሁ። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር፤ ልምድ ይቀድማል፣ ወረፋ ይከበር እያልኩ። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ሳቋ ያናድደኝ ጀመር፤ ቢጫ ሹራቧ ሳይቀር ያናድደኝ ጀመር። ወደ ቤቴ ስመለስ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል እስክደርስ ድረስ ባቡር ውስጥ የእሷን ካርቶን በሐሳቤ እያፈረስኩ እንደገና እሠራው ነበር።

ቢሯችን አንድ ደንብ ነበረው። ማንኛውም ሥራ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሌላ ዲዛይነር ያየዋል፤ ሥራውን በሚሸፍነው ስስ ወረቀት ጥግ ላይም ይፈርማል። ያንን ሰው "ሁለተኛ ዓይን" ነበር የምንለው። እሷ ሳታመነታ ወደ እኔ ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ ቼክ አድርግልኝ። ካንተ ዓይን የሚያመልጥ የለም።"

የካርቶኑ ፎቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ስላይድ ነበር። አንዲት ልጅ ከጀርባዋ ትታያለች፣ ከፊቷ ማሽኑ አለ። ገና ሳየው አወቅሁ። ስላይዱን ገልብጣ ነው የለጠፈችው። ስላይድ ከሁለቱም በኩል ያሳያል፤ ሲገለበጥ ግን ቀኙ ግራ ይሆናል። የእኛ ማሽን ዲስክ ማስገቢያው በቀኝ ነው፤ እዚህ ግን በግራ ሆኗል። የቁልፎቹን ፊደላት የልጅቷ ትከሻ ስለጋረዳቸው ሌላ ሰው ልብ አይለውም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቀዳዳ የሣልኩ እኔ ግን እንዴት ልሳታት?

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "ገልብጪው" ብላት በአምስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። እሷ ብዕር ይዛ አጠገቤ ቆማለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ፤ ብዕሩን ተቀብዬ ፈረምኩ።

"ጥሩ ነው" አልኳት።

ካርቶኖቹ ታትመው ሲመጡ ስህተቱን ያገኘው የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ነው። ማሽኑን ከካርቶኑ አጠገብ አስቀምጦ ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቀም። ሁላችንንም ሰበሰበና "ሁለተኛ ዓይን ማን ነበር?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እሷ ከማተሚያ ቤት የተመለሰውን ስስ ወረቀት ይዛለች፤ ጥጉ ተቀዷል።

"ቸኩዬ ለማንም አላሳየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

የሙከራ ጊዜዋን ሦስት ወር ጨመሩባት።

ቅዳሜ ሁላችንም መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጠን ስህተቱን በስቲከር ስንሸፍን ዋልን። እሷ አጠገቤ ሆና ስቲከር እየላጠች ታቀብለኛለች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "በእኔ ጥፋት ስምህ ሊነሳ ነበር። ሥራ ያስገባኝን ሰው እንዴት አድርጌ አስወቅሳለሁ?"

ለሰው ሞት አነሰው የሚባለው ለእኔ ነበር። አሁንም ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታዬ ግን ነቅዟል።

"አይቼው ነበር" አልኳት።

እጇ ቆመ። "ምኑን?"

"ስላይዱን። ስፈርም አይቼዋለሁ። ቀንቼብሽ ነው።"

አንድ ስቲከር ላጠችና ሰጠችኝ፤ ከዚያ ሌላ። የተቆለለው ካርቶን እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ሠራን።

ሰኞ ጠዋት በጠረጴዛዬ አጠገብ ስታልፍ በስሜ ጠርታ እንደምን አደርክ አለችኝ። እንግሊዞቹ ኩባንያው እስኪዘጋ ድረስ ጋሼ እያሉ ጠሩኝ።