የዮሴፍ ጎተራ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ በሚሄድበት በዚያ የበሽታ ዘመን፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር በተከራየነው ግቢ የኋላ ክፍል ውስጥ አባባ ተክሌ የሚባሉ፣ ዱርንፎንቴን ገበያ ብርድ ልብስ ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ከቤት አትውጡ የሚለው ሎክዳውን ሥራ ሲያስፈታቸው ተረት ነጋሪያችን ሆኑ። ያኔ መብራት በፈረቃ ይጠፋ ስለነበር፣ አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ከሰል ያቀጣጥሉና እኔና እናቴ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እናዳምጣቸው ነበር።

አባቴ ሆስፒታል ከገባ ስምንት ቀኑ ነበር። መጠየቅ ክልክል ነው፤ ሆስፒታሉም የሚደውለው እንግሊዝኛ ለሚችለው፣ ሶዌቶ ላለው የሱቅ ሸሪኩ ነበር። ያን ቀን አባባ ተክሌ ሳንጠራቸው፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡና ስለ ግብፅ ፒራሚዶች ጀመሩ። ፒራሚድ ማለት ዮሴፍ ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት እህል ያከማቸበት ጎተራ ነው አሉን። «ክፉ ቀን ያልፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ የተቀመጠው ሁሉ ደህና ሆኖ ይወጣል» እያሉ ያንኑ ደጋገሙት።

እኔ ደግሞ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

«አባባ፣ ተሳስተዋል» አልኩ። «መምህራችን ነግራናለች፣ ፒራሚድ መቃብር ነው። ንጉሡ ሲሞት እዚያ ያስገቡትና በድንጋይ ይዘጉበታል። ማንም ደህና ሆኖ አይወጣም።»

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው አይታረምም!» ብላ ልትቆጣኝ ስትል ዓይኗ አባባ ተክሌ ላይ አረፈ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጋሼ፣ የሰሙት ነገር አለ እንዴ?»

ፊታቸውን ጨርሰው በጋቢው ሸፈኑ። እናቴም ሌላ አልጠየቀችም፤ ጮኸች።

በኋላ እንደገባኝ፣ ሸሪኩ የአባቴን ሞት የሰማውና ለአባባ ተክሌ የነገራቸው ቀትር ላይ ነበር። በእኛ ልማድ መርዶ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ እንዲመጡ የተጠሩ ሰዎች ነበሩ። የአባባ ተክሌ ድርሻ እናቴን እስከዚያ ማቆየት ነበር። በእኔ ምክንያት ግን ደግፎ የሚይዛት ጎረቤት በሌለበት፣ ከአንዲት ልጅና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ብቻዋን አለቀሰች።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ያነበብኳቸው መጻሕፍትም ትክክል ነበርሽ ይሉኛል። አሁን ሽማግሌ ሲሳሳት ስሰማ ግን ለማረም አልቸኩልም፤ መጀመሪያ ከቤቱ ማን እንደጎደለ አያለሁ።