የሐዲዱ ፖሊስና የአማቱ ጆንያ

ሰውየው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ግን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሌላው ሁሉ «ፊሽካ» ይለዋል፤ በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ፣ አክብሮቱን ለማሟላት ያህል፣ «ጋሼ ፊሽካ»። ሥራው የባቡር ኩባንያው ጥበቃ ነው። ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ያለው ሐዲድ የሱ ክልል ነበር፤ ሐዲዱ ላይ ሰው ሲያይ ፊሽካውን ይነፋል። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም፤ ከፊሽካ በቀር ሌላ የተሰጠው ነገር የለማ።

ሰፈሩ ከሐዲዱ ወዲህ፣ ገበያው ከሐዲዱ ወዲያ ነው። መሸጋገሪያው ድልድይ ራቅ ይላል፤ ደረጃውም እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ሸክሙን ተሸክሞ፣ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ በሐዲዱ ላይ ሰተት ብሎ ያልፋል። ፊሽካ ይነፋል። ሴቶቹ ዞር ብለው «እንደምን አደርክ!» ይሉታል። ደግሞ ይነፋል። «ደህና ነን፣ ልጆቹስ?» ይሉታል። አንዳንዴ ንዴቱ ሲብስበት እጁን ዘርግቶ መንገድ ይዘጋባቸዋል።

«ብሄድስ ምን ታደርገኛለህ?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ምንም አያደርግም። ማሰር የሚችለው የከተማው ፖሊስ ብቻ ነው፤ የከተማው ፖሊስ ደግሞ ተጠርቶ እስኪመጣ ሰውየውም፣ ባቡሩም፣ ባቡሩ ያስነሳው አቧራም ሄዷል።

ታዲያ ኩባንያው አዲስ ባቡር አስመጣ። አሮጌው ባቡር ከሩቁ እየጮኸና እያቃሰተ፣ መሬት እያንቀጠቀጠ ነበር የሚመጣው፤ ሰው የጀመረውን ወሬ ጨርሶ ሊሸሸው ይችላል። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ እንደ ድመት ኮሽታ የሌለው፣ ሲያዩት እሩቅ፣ ዐይን ሲጨፍኑ አጠገብ የሚደርስ ጉድ ነው። ነገሩ ያሳሰበው መንግሥት ሕግ አወጣ። የኩባንያው ጥበቃዎች ሠልጥነው፣ በኩባንያው መሬት ላይ ብቻ የፖሊስ ሥልጣን ይኖራቸዋል ተባለ። ሐዲድ የረገጠን ሰው ይይዛሉ፤ መጀመሪያ የተያዘ ተመክሮ ይለቀቃል፣ የደገመ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ፊሽካ ሥልጠናውን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ተከታተለ። አሠልጣኙ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁ የሻከረ የፖሊስ መኮንን ነበር፤ ጠረጴዛ እየደበደበ ሁለት ነገር ደጋግሞ ይል ነበር፦ «የያዝከው ሰው ንብረት ያንተ አደራ ነው፤ ቢጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ! እስረኛህን ደግሞ አደጋ ላይ ትጥልና ወዮልህ!» ፊሽካ ሁለቱንም ልቡ ውስጥ ቋጠራቸው።

ደረት ላይ የሚለጠፈው የፖሊስነት ምልክት፣ ባጁ፣ በተሰጠበት ቀን የጥበቃ ኃላፊው የጥበቃዎቹን ደስታ አሳጠረባቸው።

«ሥልጣኑ የሙከራ ነው» አለ። «ከሚኒስቴሩ ገምጋሚ ይመጣል። መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። ሐዲዱ ላይ ሰው እንደ ድሮው ሲርመሰመስ ካየ ባጁ ይመለሳል። ከባጁ ጋር እናንተም ወደየቤታችሁ።»

ፊሽካ ባጁን ደረቱ ላይ አጠበቀው። ሌላ ሙያ የለውም፤ በሱ ዕድሜ ደግሞ ለመንፋት ብቻ የሚቀጥረው ማንም የለም። ያን ምሽት መስታወት ፊት ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «በቁጥጥር ሥር ውለዋል! በቁጥጥር ሥር ውለዋል!» እያለ ተለማመደ።

ሚስቱ ከማድቤት ጮኸች። «ስትጨርስ ይሄን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቁጥጥር ሥር አውልልኝ!»

ሕጉ በሚጀምርበት ጠዋት የኩባንያው መሬት ድንበር ነጭ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ተለይቶ ነበር። ሰዉ ሸክሙን እንደተሸከመ ከድንጋዮቹ ጀርባ ተኮለኮለ። የሚጀምር ጠፋ፤ ሁሉም ሌላው ሲያዝ ማየት ነው የፈለገው። ሱቁ ከሐዲዱ ፊት ለፊት የሆነው ፀጉር አስተካካይ ወንበሩን ከነደንበኛው በረንዳ ላይ አወጣው። የደንበኛው ግማሽ ፊት ተላጭቷል፤ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ነው።

በዚህ መሃል ሰዉ ለሁለት ተከፈለና የፊሽካ አማት ብቅ አሉ።

አማቱ ከነሱ ቤት ጀርባ ነው የሚኖሩት። ልጃቸውን ለፊሽካ የሰጡት ከስንት ልመና በኋላ ነው፤ ዛሬም ድረስ አልተዋጠላቸውም። የሽንኩርት ጆንያቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ ነጩን ድንጋይ አልፈው ሐዲዱ ላይ ወጡ።

«ጋሼ ፊሽካ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደ ላይ ይዞ። «ሕጉ አማት ይጨምራል ወይስ አማት ሲቀር ነው?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፊሽካ አሰበ። ቢይዛቸው ቤቱ ይታመሳል። ቢያልፋቸው ሰዉ ሁሉ ተከትሎ ይጎርፋል፤ ሕጉ በተወለደ ጠዋት ይሞታል፤ ገምጋሚው መጥቶ ያየውና ባጁን ይወስዳል። እግሩ እየተጎተተ ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«እማማ» አለ ዝቅ ብሎ፣ «በቁጥጥር ሥር ውለዋል።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

«በማን?»

«በ… በኔ።»

አማቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ዞረው ከሐዲዱ ወረዱና ጆንያውን ከራሳቸው አንስተው እግሩ ሥር ዱብ አደረጉት።

«እንግዲህ እስረኛ አይሸከምም። ተሸከም።»

ፊሽካ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው የአሠልጣኙ የሻከረ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ። የተያዘ ሰው ንብረት አደራ ነው። ጆንያውን አንስቶ ራሱ ላይ አደረገው። ሁለተኛው ችግር የታየው ያኔ ነው። ለማቆያ የተሰጠው ክፍል የድሮው የፋኖስ መጋዘን ነበር፤ መጋዘኑ ያለው ደግሞ ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ፣ ገበያው ዳር ነው።

«በዚህ በኩል እንለፍ፣ እማማ።»

«በየት በኩል? በሐዲዱ ላይ?»

«ማቆያው ማዶ ነው…»

«ሐዲድ ረገጡ ብለህ ይዘኸኝ፣ መልሰህ ሐዲድ ልታስረግጠኝ? ሕግ አስከባሪ ነኝ ባይ!»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

እውነታቸውን ነበር። እስረኛን አደጋ ላይ መጣል ክልክል ነው። ስለዚህ በድልድዩ ዞሩ። አማቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ያገኙትን ሁሉ «ታስሬ ነው፣ ታስሬ!» ይሉታል፤ ድምፃቸው የተሾመ ሰው ድምፅ ነው። ፊሽካ ከኋላ ያለከልካል። ደረጃው መሃል ላይ ትንፋሽ ሊወስድ ሲቆም እስረኛዋ ዞር ብለው «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» አሉት። ከድልድዩ ሲወርዱ ራሳቸውን ገበያው መሃል አገኙት።

መጋዘኑ ሲከፈት እስከ ጣሪያው በአሮጌ ፋኖስና በቀለም በርሜል ጢም ብሏል፤ ሰው ቀርቶ እጅ የሚገባበት ቦታ የለውም። ፊሽካ በሩ ላይ ቆሞ በሕጉ መሠረት መከራቸው። «እማማ፣ አዲሱ ባቡር ሲመጣ አይሰማም፣ ይገድልዎታል፤ እግርዎ ሁለተኛ ሐዲድ ከረገጠ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው።»

«ገባኝ» አሉ። «አሁን ጆንያውን እዚያ መሸጫዬ ጥግ ላይ አኑርልኝ፤ ፀሐይ እንዳይመታው።»

በማግስቱ ፊሽካ ሲመጣ ሴቶቹ ከነጮቹ ድንጋዮች ጀርባ ወረፋ ይዘዋል። ድንች ሻጯ ቀድማ መጣች፤ ውሃው ይሞቃል ይቀዘቅዛል እንደሚል ሰው በእግሯ አውራ ጣት ሐዲዱን ነካ አደረገችና ጆንያዋን አወረደች።

«ይኸው አጠፋሁ። ያዘኝ።»

«አሁን ሆን ብለሽ አይደል የረገጥሽው?»

«ሆን ብሎ የረገጠ አይያዝም የሚል ሕግ አለ እንዴ?»

አልነበረም። ድንቿን ተሸከመ። ተመልሶ ሲመጣ ካሮት ሻጯ፣ ቀጥሎ ጎመን ሻጯ። ለሁሉም የመጀመሪያ ጥፋታቸው ነው፤ ሁሉም ተመክረው ይለቀቃሉ። ገበያው ሰፊ፣ ሻጩ ብዙ፣ ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ፊሽካ ልብ አላለውም፦ ሴቶቹ ተራቸውን የሚጠብቁት ከድንጋዮቹ ጀርባ ነው። በሐዲዱ ላይ የሚያልፍ ሰው ጠፍቷል። እሱ የሚያየው የሸክሙን ክምር ብቻ ነበር።

ማታ ማታ ሚስቱ አንገቱን በቅባት ታሻለታለች።

«ሥልጣን ከባድ ነው ሲባል እሰማ ነበር» ትለዋለች። «ኪሎውን ግን የነገረኝ የለም።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ያንቺ እናት ናት የጀመረችው።»

«እናቴማ ጎበዝ ናት።»

እንዲህ ሆኖ ሲሰነብት አንድ ጠዋት የፊሽካ አንገት ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ። አልመለስ አለ። ሚስቱ በሞቀ ፎጣ እየጠመጠመች፣ እሱ እየጮኸ፣ ሥራ መግቢያው ሰዓት አለፈ።

ሐዲዱ ዳር ያሉት ሴቶች መቁነጥነጥ ጀመሩ። «ምን ዓይነት ፖሊስ ነው? ሰው ሊታሰር መጥቶ እንዲህ ይጉላላል?» አለች ገና ተራዋ ያልደረሰላት ቲማቲም ሻጭ። የፊሽካ አማት ከሁሉም ፊት ነበሩ። እሳቸው ግን የራሳቸው ጭንቅ አለባቸው፤ አንዴ ተመክረዋል፤ ከደገሙ ፍርድ ቤት ነው። ቆመው አሰቡ አሰቡና ፊታቸው በራ። የተከለከለው እግራቸው ነው። ስለ ጆንያ የተባለ ነገር የለም። ጎንበስ ብለው የሽንኩርቱን ጆንያ ከድንጋዩ ጀርባ ሆነው እየገፉ ሐዲዱ ላይ አጋደሙት።

«እኔ አልረገጥኩም» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «እሱን ይያዘው።»

ሴቶቹ ገና ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ንፋስ ፊታቸውን በጥፊ መታቸው። ባቡሩን ሲመጣ ያየው የለም፤ ሲያልፍ ግን ሁሉም አዩት። ብልጭ የሚል ብር መሳይ ነገር፣ ዷ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የሽንኩርት ዝናብ። ቀሚሳቸው ላይ፣ ፀጉራቸው ላይ፣ የፀጉር አስተካካዩ መስኮት ላይ። የጆንያው ቁራጭ የስልክ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያለቅሳሉ። ከሽንኩርቱ ነው ከድንጋጤው፣ መለየት አይቻልም። የፊሽካ አማት እግራቸውን ያያሉ፤ አንዱን ያዩና ሌላውን ያያሉ፤ ሁለቱም በቦታቸው መሆናቸውን የሚቆጥሩ ይመስላል።

ፊሽካ አንገቱን እንዳጣመመ እየሮጠ ደረሰ። ባቡሩ ራቅ ብሎ ቆሟል። ከሾፌሩ ክፍል መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ወርዶ፣ ኮቱ ላይ የተለጠፈ የሽንኩርት ልጣጭ እያራገፈ መጣ። ማን እንደሆነ የነገረው የለም፤ ፊሽካ ግን ባጁን በእጁ ሸፈነው።

«የሚኒስቴሩ ገምጋሚ ነኝ» አለ ሰውየው። «ጆንያውን ሐዲዱ ላይ ያስቀመጠው ማነው?»

ፊሽካ አማቱን አየ። ወንጀሉ ከመርገጥ የባሰ እንደሆነ ያውቃል። ሥራው በዚች ደቂቃ ከእጁ ሲወጣ ታየው፤ ቢሆንም አፉ ቀደመው።

«የእስረኛ ንብረት ነው፣ ጌታዬ። አደራው የኔ ነው። ዘግይቼ ነው የደረስኩት።»

«ውሸቱን ነው» አሉ አማቱ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። እግሬን ላስቀምጥ ነበር… በእግሬ ፋንታ ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ። እሱ ‹ባቡሩ አይሰማም፣ ይገድላችኋል› ሲለን እናሾፍበት ነበር።» ይሄን ብለው በነጠላ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ገምጋሚው ዞር ብሎ ከድንጋዮቹ ጀርባ የተሰለፉትን ሴቶች ቃኘ።

«እዚህ እስክደርስ ሐዲዱ እንደ መናፈሻ ነበር» አለ። «በየቦታው ሰው ይዘዋወርበታል። እዚህ ብቻ ነው ሰው ከድንበሩ ጀርባ ተሰልፎ ያየሁት። ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«እስኪያስረን ነዋ!» አለች ቲማቲም ሻጯ።

ገምጋሚው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። የፊሽካን የተጣመመ አንገት አየ፤ የጆንያዎቹን ክምር አየ፤ ማዶ ያለውን መጋዘንና ራቅ ያለውን ድልድይ አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ከንፈሩን ነከሰ።

«በሥራ ዘመኔ ለመታሰር የሚሰለፍ ሕዝብ አላየሁም» አለ። «ሥልጣኑ ይጽና ብዬ እጽፋለሁ። እናትየውን ምከራቸው፤ ባቡሩ ከመከራቸው በላይ ግን ማንም የሚመክራቸው አይመስለኝም። እንዴት እንደሠራህ ግን አትንገረኝ፤ ብጽፈውም የሚያምነኝ የለም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐዲዱን የሚረግጥ እግር ጠፋ። የሽንኩርቱ ሽታ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ስለቀረ፣ ሰው በዚያ ሲያልፍ ዐይኑ ይቆጠቁጠውና ወደ ኋላ ይላል። የሚረገጥ ከሌለ የሚያዝ የለም፤ የሚያዝ ከሌለ የሚሸከሙለት ንብረት የለም። ፊሽካ አንገቱ ቀና፤ ባጁን አብለጭልጮ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ሹም ይንጎራደድ ጀመር።

አንድ ሐሙስ አማቱ ጎመን የሞላ ጆንያ ይዘው መጡ። ከነጩ ድንጋይ አንድ ክንድ ወዲህ ቆመው ሸክማቸውን አወረዱ።

«ያዘኝ እንጂ» አሉ።

«አይቻልም፣ እማማ። ሐዲዱን ሳይረግጡ ማሰር ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

«አልረግጥም። ወርቅ ቢያነጥፉልኝ አልረግጥም።»

«እንግዲያው ነፃ ሰው ነዎት። በፈለጉበት መሄድ ይችላሉ።»

ፀጉር አስተካካዩ ከበረንዳው አንገቱን አሰገገ። አማቱ ፊሽካን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ባጁን አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ድልድዩ መራመድ ጀመሩ።

«ልጄን ያገባኸው ግን» አሉ ዞር ሳይሉ፣ «ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው።»

ፊሽካ ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን አነሳ።