ልጄ ደኅና ናት በይ

ያስገቡን ክፍል ዕቃ ቤት የነበረ ነው። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የተነቀለበት ቀዳዳ በተርታ ይታያል። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ በሩ ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም፤ ከበሩ በላይ ግን ክንድ የማታስገባ ክፍተት ነበረች። በእሷ በኩል የቡራዩ አስፋልት ይሰማል፣ የታክሲ ረዳት «አሸዋ ሜዳ፣ አሸዋ ሜዳ» እያለ ሲጣራ። ሰው ወደ ቤቱ እየገባ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ይኼ ነው። ፍርሃቱ ቆይቶ መጣ።

እኔ ከፖሊስ ጋር ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፤ ሰበታ አበባ እርሻ ውስጥ አበባ እለቅማለሁ፣ እሾሁን እመለምላለሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ። አባቷ ከሞተ በኋላ እሷን ነበር የምጠብቀው። ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ደረሳትና ሸኘኋት።

ከዚያ እዚያ አገር ረብሻ ተነሳ ተባለ። ስልክ ተቋረጠ። የልጄን ቁጥር ስደውል ያቺ የማሽኗ ሴት ብቻ ናት የምትመልስልኝ። ዩኒቨርሲቲው ግን ፌስቡክ ላይ ባለው ገጹ «የመማር ማስተማር ሥራው በሰላማዊ መንገድ ቀጥሏል» ብሎ ይጽፋል። ጎረቤቴ ናት የምታነብልኝ። ከጽሑፉ ሥር ልጆች ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው የሚያሳይ ፎቶ አለ። እያንዳንዱን ፊት በጣቴ እያሰፋሁ ልጄን ፈለግኋት። ፎቶው የድሮ መሆኑን የነገሩኝ ኋላ ነው።

ያ ዩኒቨርሲቲ ቡራዩ ላይ ማስተባበሪያ ቢሮ የሚሉት አለው። ልጅ የጠፋብን ወላጆች የተዋወቅነው እዚያ በር ላይ ነው። ስም አልተጠያየቅንም፤ በልጆቻችን ትምህርት ነበር የምንጠራራው። እኔ የነርሲንጓ እናት ነኝ። ሱሉልታ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ደግሞ የሲቪሉ እናት፤ ወንድ ልጇ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነበር የሚማረው። በሄድን ቁጥር የቢሮው ኃላፊ «ገጻችንን ተከታተሉ» ይለናል። ከሚያውቅ ሰው ጋር አገናኘን ስንለው፣ እኔ ተጠሪነቴ ለፕሬዚዳንቱ ነው አለ። ፕሬዚዳንቱስ? እሳቸው ለቦርዱ። ቦርዱስ? ለሚኒስቴር። የሲቪሉ እናት እስከዚያ ድረስ በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ «ወላሂ፣ ፈጣሪ እንኳ ከዚህ ይቀርባል» አለችው።

ሣር እንያዝ ያሉን ከተፍኪ የሚመጡ አንድ አባት ናቸው፣ ልጃቸው እዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበረች። በእኛ አካባቢ እርጥብ ሣር ይዞ የቆመን ሰው ማንም ዝም ብሎ አያልፈውም። የተለመነው ሰው ሣሩን ይቀበላል፤ ከተቀበለ ደግሞ መልስ መስጠት አለበት። ኦሮሞውም ሌላውም ያውቀዋል። ከቦዩ ዳር እየነጨን ያዝንና ከቢሮው በር ፊት በዝምታ ቆምን። ኃላፊው ወጥቶ አየን። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሣሩን ዘረጉለት። እጁን ወደ ኪሱ ከተተና፣ «አባቴ፣ እኔ ይህንን ለመቀበል ሥልጣን የለኝም» አላቸው።

እኛ ቢሮንም እንደ ሰው ቆጥረነው ነበር። ከውስጡ ሣር የሚቀበል አንድ ሰው የሚጠፋ አልመሰለንም።

ፀሐዩ ሣሩን እጃችን ላይ ሲያጠወልገው ፖሊስ መጣ። ሣር ይዘው ምልክት እያሳዩ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ ተብሎ ተደውሎላቸው ነው። ሽማግሌውን ወደ ወንዶቹ፣ እኔንና የሲቪሉን እናት ወደዚህ ዕቃ ቤት ወሰዱን።

ቀድማን የገባች አንዲት ወጣት ነበረች። የቢሮ ልብስ ለብሳለች፤ የመታወቂያው ገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መታወቂያው ግን የለም። ስናወራ እየሰማች ሻርፗን ወደ ፊቷ ትስባለች። የሲቪሉ እናት የሱቅ ሰው ናት፣ ዝም ያለ ሰው አትወድም፤ በምን እንደገባች ጠየቀቻት። በመሥሪያ ቤት ጉዳይ አለች። የትኛው መሥሪያ ቤት ስትላት የእኛን ዩኒቨርሲቲ ስም ጠራች። ሕዝብ ግንኙነት ናት።

«ገጹ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

ውጭ ታክሲው አሸዋ ሜዳ ይላል። ከዚያ የሲቪሉ እናት፣ «አሃ። አንቺ ነሻ ሰላም ነው የምትይን» አለች። «እስቲ እንግዲህ ጻፊ። የእስር ሥራው በሰላማዊ መንገድ ቀጥሏል በይ። ፎቶም አንሺን።»

ልጅቷ ሳቀች። መሳቋ ራሷንም አስደነገጣት መሰለኝ፣ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

እያለቀሰች ነገረችን። የምትጽፈውን ለዳይሬክተሯ ትልካለች፣ እሱ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት። ከዚያ ሲመለስ ሌላ ሆኖ ይመለሳል። ተማሪዎች ፈርተዋል ብላ ጽፋ ተማሪዎች ተረጋግተዋል ሆኖ የመጣላት ጊዜ አለ። ቦርዱ ምን ይላል አልኳት። ሰብሳቢው ትልቅ ባለሥልጣን ናቸው፣ ሌላ ሥራ አላቸው፤ አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚሉት። እሳቸው ሊመጡ ሲሉ የግቢው ድንጋይ ኖራ ይቀባል፣ ይህን ብቻ ነው ስለ ቦርዱ የማውቀው አለች። የታሰረችውም ለሥራ ወደ ቡራዩ ተልካ ሳለ ነው። የቢሮው ስልክ ጮኸ፣ አነሳችው፣ አንድ አባት ልጄ እንዴት ናት ብሎ ጠየቃት፣ ግቢ ውስጥ ተማሪ የለም ብላ ነገረችው። ይኼው ነው ጥፋቷ።

የልጄን መልክ ነገርኳት፤ ቁመቷን፣ ጥርሷ መሃል ያለችውን ክፍተት፣ የምትለብሰውን ቢጫ ሹራብ።

እጄን ያዘችኝ። «እናቴ፣ አልዋሽዎትም። ሴቶቹን ከዶርም አውጥተው በጭነት መኪና ሲወስዷቸው አይቻለሁ። ወዴት እንደሆነ አላውቅም። የእርስዎን ልጅ አላውቃትም።»

ያን ሁሉ ጊዜ አላውቅም ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰላም ነው ነበር የሚለኝ። ያቺ ቃል እንደ ድንጋይ ከበደችኝ፤ ግን የምትጨበጥ ነገር ነበረች። ይዣት አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷን ጠርተው ወሰዷትና ከቆይታ በኋላ መለሷት። አብሯት የመጣው ሳጅን በሩ ላይ ቆሞ፣ እናንተ ሁለታችሁ ዛሬ ቤታችሁ ትገባላችሁ አለን። በስልክ ትቀረጻላችሁ፣ ትንሽ ነገር ትናገራላችሁ፣ ገጹ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። የምትሉትን እሷ ታስጠናችኋለች ብሎ ሄደ።

ጽሑፉን እሷኑ ነው ያስጻፏት። እኛን ሳታይ፣ «አሳጥሬዋለሁ፣ እንዳይከብዳችሁ» አለች። ልጄ ደኅና ናት። ከዩኒቨርሲቲው በቂ መረጃ አግኝቻለሁ። አመሰግናለሁ። ይኼው ነበር። እንደ ሕፃን እየደጋገምን አጠናነው፤ ምላሴ ግን የመጀመሪያው ላይ ይያዛል።

የሲቪሉ እናት ቶሎ ወሰነች። «እላለሁ» አለች። «እዚህ ግድግዳ ሳይ ብውል ልጄን ማን ይፈልገዋል? እልና እወጣለሁ፣ ወጥቼ እፈልገዋለሁ።» ትክክል ናት። እኔም እንደዚያ ማሰብ ፈልጌ ነበር። ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ልጅቷን፣ «እኔ እናቷ በአፌ ደኅና ናት ካልኩ ከዚያ በኋላ የሚፈልጋት ሰው ይኖራል?» ብዬ ጠየቅኋት።

የአንገቷን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። «አይኖርም» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ቢሆንም ይበሉና ይውጡ፣ እናቴ። እኔ ብሆን እላለሁ» አለችኝ።

የወሰዱን ወደ አንድ ቢሮ ነው። ፊታችንን አስታጠቡን፤ ነጠላሽን አስተካክይ አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ አምጥተው አስቀመጡ። የሲቪሉ እናት ቀደመች። ጨርቅ እንደምትሸጥ ሁሉ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣ አንድ ጊዜ፣ ሙሉውን አለችው። ልጄ ደኅና ነው። ሳጅኑ ጎበዝ አላት። ስትነሳ እጇ ወንበሩን ስቶ ልትወድቅ ነበር፣ ደገፍኳት።

ከዚያ እኔ ተቀመጥኩ። ስልኩ ላይ ቀይ ነጥብ በራ። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። ጀግና አልነበርኩም፤ ያኔ ቤቴ ለመግባት የማልሰጠው ነገር አልነበረም። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የልጄ ስም ነው። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጠራሁ። ነርሲንግ፣ ሦስተኛ ዓመት አልኩ። የዶርሟን ቁጥር አልኩ። «እናቷ ነኝ። የት እንዳለች አላውቅም።»

«ማዘር፣ ተሳስተዋል። እንደገና» አለ ሳጅኑ።

እንደገናም ያው ወጣ። በሦስተኛው ስልኩን ዝቅ አደረገው። አንቱታውን ትቶ፣ «ልጅሽን አትወጃትም እንዴ?» አለኝ። እንደገና ስሟን ጠራሁ።

የሲቪሉ እናት በዚያው ወጣች፤ እኔን መለሱኝ። ልጅቷ በሩ ሥር፣ ትንሽ አየር ከሚገባበት ቦታዋ ተነስታ እዚያ አስቀመጠችኝ። ምን እንዳልኩ ነገርኳት። የልጄን ስም ይድገሙልኝ አለች። ደገምኩላት። በከንፈሯ ብቻ ከነአያቷ አለችው፣ እንዳይጠፋባት።

ከቀናት በኋላ፣ ያለ ምንም ቃል፣ በሩን ከፍተው ሂጂ አሉኝ። ሽማግሌውም ከወንዶቹ በኩል ወጡ። ልጅቷ እዚያው ቀረች። ስንቅ ይዤ ስመለስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ልጄ ክረምቱ ሲገባ መጣች። የእሷ ያልሆነ ጫማ አድርጋ፣ ከስታ፣ በእግር፣ በጭነት መኪና፣ ሰው እየሸሸጋት። ከዩኒቨርሲቲው አንድም ቃል አልመጣልኝም፤ ገጹ ላይ ግን ነባር ተማሪዎች ተመለሱ የሚል ወጥቷል። እሷ አልተመለሰችም። አሁን ከእኔ ጋር አበባ ትለቅማለች። ስለዚያ አታወራም፣ እኔም አልጠይቃትም።

የሲቪሉ እናት ልጅ አልመጣም።

እናቱ የተናገረችው ቪዲዮ እስካሁን ገጹ ላይ አለ። ከሥሩ ሰዎች ተመስገን ብለው ጽፈዋል። ልጇን ልትፈልግ ወደየመሥሪያ ቤቱ ስትሄድ፣ እርስዎ እኮ ደኅና ነው ብለዋል እያሉ እሱን ያሳይዋታል። ስለዚህ አውርዱልኝ ልትል ወደ ቡራዩ ትመላለሳለች። እኔ ከሰበታ ሁለት ታክሲ ይዤ እየሄድኩ አብሬያት እቆማለሁ። ለማውረድ የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል ይሉናል። በቅርቡ አዲሱ ኃላፊ፣ ልጅ እግር ነው፣ ክፉም አይመስል፣ «እናት፣ እኛ እኮ አይደለንም ያልነው። እርስዎ ነዎት የተናገሩት» አላት።

ትጮኻለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ። አልጮኸችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችው። «ዛሬ ደግሞ አላውቅም እላለሁ። ስልክህን አውጣና ቅረጸኝ። እሱንም ገጹ ላይ አድርጉት።»

ስልኩን አላወጣም። ሥልጣን የለኝም አለ። እሷ ግን ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች፣ ልክ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ፣ እስኪቀርጻት። ቢሮው እስኪዘጋ ከጎኗ ቆምኩ። ወደ ሱሉልታ ስሸኛት ልጅሽ እንዴት ናት አለችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ደኅና ናት ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እውነትም ነው፤ ግን ያቺን ቃል እሷ ፊት ማውጣት አልችልም። አለች፣ እላታለሁ። ቤት ነው ያለችው።