ለድንጋይ የተላከ ሽማግሌ

አባቴ ድንጋይ አይወድም። ድብ ባሕር በሚባለው አገራችን ያለው ማሳችን በየዓመቱ ድንጋይ ያበቅላል፤ አባቴ ለቅሞ ዳር ላይ ይከምረዋል፣ ክረምቱ ሲወጣ ማሳው ሌላ ወልዶ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ስልክ ደውዬ ጂኦሎጂ መማር እፈልጋለሁ ያልኩት። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ድንጋይ፣ ስለ አፈርና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የሚያጠና ትምህርት ነው አልኩት። ድንጋይ ለመማር ጎንደር ድረስ ምን አስኬደሽ፣ እኔ እዚሁ አላስተምርሽም ነበር ወይ አለኝ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ እያለቀ፣ የትምህርት ክፍል የምንመርጥበት ሳምንት ደርሶ ነበር። አባቴ የቆረጠልኝ ፋርማሲ ነው። ምክንያቱም አጭር ነበር፤ ሰው መታመሙን አይተውም። የአክስቴ ልጅ ሲቪል ምህንድስና ተመርቆ አዘዞ ላይ ባጃጅ ይነዳል። አባቴ ጎንደር በመጣ ቁጥር ከመናኸሪያ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ፣ ሁለቱ መንገዱን ሙሉ ለምህንድስና እያዘኑ ነው የሚደርሱት። ፋርማሲ ተመርቀውም ሥራ የሚፈልጉ ልጆች እንዳሉ ልነግረው ሞከርኩ። እነሱ ያባት ምርቃት የሌላቸው ናቸው ብሎ ዘጋው።

እኔን ድንጋይ ያስወደደኝ ጀሪካን ነው። ዶርማችን ውስጥ ውሃ የሚመጣው እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፤ ከግቢ ወጥተው ፀዳ ከተማ ውስጥ ቤት የተከራዩ ጓደኞቼም ከእኛ አይሻሉም። ውሃ ከምድር ሥር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም ብዬ አሰላሁ። ስሌቴ አሁንም ትክክል ይመስለኛል።

ምርጫውን ዝም ብዬ ብሞላ የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን አባቴ ድንጋይ ከመረጥሽ አልመርቅሽም ብሏል። ያለ አባት ምርቃት መንገድ መጀመር ስቄ የማልፈው ነገር አልነበረም፤ ፈርቼዋለሁ። ጂኦሎጂውንም ምርቃቱንም ነው የፈለግኩት።

የእናቴ አጎት ከጎንደር ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ላይ ምግብ ቤት አላቸው። ተንኮል ሲሸታቸው ዓይናቸው ይጠባል። ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ ኮሶዬ ወርጄ አማከርኳቸው። ሽሮ አቅርበው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ አባትሽ ለሽማግሌ እንጂ ለልጅ አይሸነፍም አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንንና አንድ ጎረቤት አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ።

እኔና እናቴ ጓዳ ገባን። እናቴ ነገሩን ታውቃለች፤ የማታውቅ ለመምሰል ባዶ ድስት ታማስል ጀመር። አባቴ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንዲህ ማለት ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ደንብ ነው፤ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም። የእናቴ አጎት ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በልጅህ ጉዳይ መጥተናል አሉ። ለማን እንደሚጠይቁ አልተናገሩም፤ አባቴም አልጠየቀም። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ልጄ ተማሪ ናት» አለ። «የፈለገችውን ትምህርት ተምራ ሳትጨርስ የንጉሥ ልጅ ቢመጣ አልሰጥም።»

«የፈለገችውን?» አሉ የእናቴ አጎት፣ ጆሯቸው የደከመ ይመስል።

«የፈለገችውን። አባ ይስሙኝ፣ በመስቀልዎ እምላለሁ።»

ሌላ ጊዜ አትማሉ እያሉ የሚገሥጹን የነፍስ አባታችን ያን ቀን መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። እናቴ ማማሰሏን አቆመች። የእናቴ አጎትም መደቡ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ሸጋ ተናገርክ» አሉ። «እኛንም ያመጣን ይኸው ነው። ልጅቱ የፈለገችው ድንጋይ ነው።»

ተጠርቼ ስወጣ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ስለነበር ዓይኔ ቀልቷል፤ የነፍስ አባታችን ያለቀስኩ መስሏቸው አይዞሽ አሉኝ። አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ፣ ድንጋዩን ዳቦ ያድርግልሽ አለ። ሁሉም አሜን አሉ፤ የእናቴ አጎት ግን አሜናቸው ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸ።

በማግስቱ ሚኒባስ እስኪመጣ አባቴ አስፋልቱ ዳር አብሮኝ ቆመ። እኔ ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ስለ እህሉ፣ ስለ ዝናቡ እቀባጥራለሁ። እሱ መንገድ መንገዱን ያያል።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «የእናትሽ አጎት ከመቼ ወዲህ ነው ለወንድ ወገን ሽማግሌ የሚሆኑት?»

ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ሽማግሌ የወንዱ ሰው ነው፤ እኛ የላክነው የሴቲቱን የሥጋ ዘመድ። ይህን አገራችን ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ፣ እናቴና አጎቷ በገዛ ተንኮላችን ተደስተን ሁላችንም ዘንግተነዋል።

«አውቀህ ነው የማልከው?»

«ገና ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ነዋ የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው እሺ ብትለኝ፣ አባዬ?»

የሚመጣውን ሚኒባስ በእጁ አስቆመ። ቦርሳዬን አንስቶ ሰጠኝ።

«አንዴ አይሆንም ያልኩትን እሺ ማለት ከበደኝ» አለ። «መማሉ ቀለለኝ።»

ኮሶዬ ወርጄ ድላችንን ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። አልወረድኩም፤ ዓይኔ በእውነት ቀልቶ ነበር። የእናቴ አጎት ግን ድግስ ባለ ቁጥር አባቴን በገዛ አፉ እንዴት እንዳጠመዱት ይተርካሉ። አባቴም ከጎናቸው ተቀምጦ የተታለለ ሰው ፊት ይዞ ያዳምጣቸዋል።