የሠርኬ ሬዲዮ

መሳለሚያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ግቢ የሠርኬ ሬዲዮ ድንገት ከጮኸ ላሟ ቡሬ እምቧ ብላለች ማለት ነው። ወሬው ወረዳ ከደረሰ ቡሬን ይወስዱብኛል ብላ ስለምትፈራ በረቱን በሸራ ጋርዳዋለች። አትክልት ተራ ሽንኩርት ቸርችራ ስትመለስ የተጣለ የጎመን ቅጠል በማዳበሪያ ታመጣለች፤ ለጠየቃት ሁሉ «ለበጌ ነው» ትላለች። በግ የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ቲናን ያሳደገችው በዚያች ላም ወተት ነው። ወተቱንም ከሰፈር አርቃ ሲኒማ ራስ ጋ ላለ አንድ ሻይ ቤት ታስረክባለች።

ቡሬ ኮርማ ፍለጋ በሌሊት ሰበታ ተወስዳ ስትመለስ መዥገር ይዛ መጣች። እናትና ልጅ አመሻሽ ላይ ከጡቷ ሥር እየነቀሉ በጥፍራቸው ያፈርጡት ጀመር። ጎጃም፣ ሠርኬ ባደገችበት ቤት፣ እንዲያ ነበር የሚደረገው።

ቲና ታመመች። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። ክሊኒክ ሲሄዱ ዶክተር አዲስዓለም ልጅቷን መርምራ ወደ እናትየው ዞረች።

«እቤት ከብት አለ?»

«ኧረ የለም! መርካቶ ላይ ደግሞ ምን ከብት?»

ቲና እናቷን ቀና ብላ አየቻት። የታይፎይድ መድኃኒት ታዞላቸው ወጡ።

ትኩሳቱ ግን አልለቀቀም። ሠርኬ መቀመጫ አጣች። አትክልት ተራ ሄዳ የደንበኛ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ትታ ትመለሳለች፣ የልጇን ግንባር ትነካለች፣ በረት ትገባለች፣ ደግሞ ትወጣለች። በረትም ሰላም የለም፤ ቡሬ ማመንዠክ ትታለች፣ ድምፅዋም ጠፍቷል። የዶክተሯ ጥያቄ በጆሮዋ ያቃጭላል፤ ሬዲዮ ቢሆን ትዘጋው ነበር።

ቲናን ገላዋን ስታጥባት ብብቷ ሥር ጥቁር ቅርፊት አየች። ዙሪያው ቀልቷል። ሠርኬ ክው አለች፤ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ክሊኒኩ በረረች።

«ዋሽቼሻለሁ ዶክተር! ላም አለችኝ። መዥገርም አለባት። ከፈለግሽ ለወረዳው ንገሪ፣ ልጄን ብቻ አድኚልኝ!»

ዶክተሯ ቅርፊቱን አይታ መድኃኒቱን ቀየረች። «እትዬ ሠርኬ፣ እኔ ወረዳ አይደለሁም። የጠየቅሁዎት መድኃኒቱን ለመምረጥ ነበር። መዥገር ሰውንም ከብትንም ያሳምማል። ከእንግዲህ በጥፍር አያፍርጡት። ላሚቱንም ያሳክሟት።»

ሠርኬ በቁሟ አለቀሰች። ማንም ሊወስድባት ያልመጣባትን ላም ስትደብቅ ልጇን ልታጣ ነበር፤ ይህ አንገበገባት።

ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ቲና ምግብ ጠየቀች። ሠርኬ እፎይ ሳትል በረት ብትገባ ቡሬ ተኝታለች፣ ሽንቷ ደም መስሏል። የግቢው በር ላይ ቆመች። ወደ ውጭ አየች፣ ወደ ሸራው ዞረች፣ እንደገና ወደ ውጭ። በመጨረሻ ሸራውን ገንጥላ ጣለችና ወደ ጎረቤቷ ወደ ጠሂራ ጮኸች።

«ጠሂራ! ላም ነበረችኝ፣ ልትሞትብኝ ነው! የከብት ሐኪም ታውቂያለሽ?»

ጠሂራ ስልኳን እንደያዘች ከቤቷ ብቅ አለች።

«ደውዬለት መንገድ ላይ ነው። ሬዲዮሽ ሰሞኑን ዝም ሲል እኮ ላሟ ታማለች ብለን ሰፈሩ ሁሉ ተጨንቋል።»