እስኪደርቅ የሚለበስ ጋቢ

ነገሩ የሆነው በ1986 ዓ.ም. ነው። ወደ ለቡ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ ሲሚንቶው ፊቱ ላይ እንደደረቀ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት የታቀፈችው የልብስ ጥቅል ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

«እትዬ፣ ላፍቶ ወራጅ ነኝ አላሉም እንዴ? አለፈ እኮ!» አላት ወያላው።

«ተወው ልጄ፣ ይተኛ። ደክሞታል።»

ለቡ ድረስ ሄደች። እሷን ሳይ እኔም ወራጅ ማለቱን ረሳሁ፤ ስለዚያ መርሳት እስከ ዛሬ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ሁለታችንም የላፍቶ ሰዎች ነበርንና ጥቅሏን ተሸክሜላት በእግር ተመለስን። ስሟ ጸደንያ ነው፤ ቀራፂ ናት። ድሮ በእንጨትና በጀሶ ትሠራ ነበር፤ አሁን የምትቀርፀው አሮጌ ልብስ ነው። ነጠላውን ወይም ጋቢውን በፉርኖ ዱቄት ሙጫ ነክራ ሰው ታለብሰውና ፀሐይ ላይ ታቆመዋለች። ሲደርቅ ሰውየው ቀስ ብሎ ሾልኮ ይወጣል፤ ልብሱ ቆሞ ይቀራል።

ግቢዋ ስንደርስ ጎረቤቷ ማሚቴ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«ጸዲ፣ ዛሬም ሰው ልትጨምሪ ነው? እነዚህ እንግዶችሽ እንደሆነ እድር አይከፍሉ!»

«አይሞቱማ፣ እድር ምን ያደርግላቸዋል!»

ሦስታችንም ሳቅን። የሥራ ክፍሏን ስትከፍት ግን የእኔ ሳቅ ጠፋ። ጭንቅላት የሌላቸው ልብሶች ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። ከበሩ የገባው ነፋስ ጠርዛቸውን ነካ ሲያደርገው፣ ባዶ መሆናቸውን እያወቅሁ፣ ሁሉም አሁን የሚዞሩ መሰለኝ። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

አንዱ ጋቢ ብቻ አልቆመም፤ እርጥብ እንደሆነ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የወንድሜ የራጉኤል ነው» አለችኝ።

ራጉኤል በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ያኔ ማልቀስም ክልክል ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አጽም በሚወጣበት ሁሉ ሄደው ፈለጉት፤ አላገኙትም። እናታቸው እማማ ተሾመች ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሕመሙም ጠንቶባቸዋል። ሳይሞቱ ልጃቸውን በወጉ ማልቀስ ነው የሚፈልጉት። አስከሬን ሲጠፋ ደግሞ በሟቹ ልብስ ይለቀሳል።

ጸደንያ ጋቢውን እንደ ልጃቸው ልታቆምላቸው አሰበችና ሙጫው እንዲይዝላት ብላ አጠበችው። እናትየው አፍንጫቸው ላይ አድርገው አሸተቱትና፣ «ይሄ ሳሙና ነው። ልጄ የታለ?» አሉ።

«ያን ሁሉ ዘመን ሣጥን ውስጥ የኖረ ጠረኑን በገዛ እጄ አጠብኩት» አለችኝ ጸደንያ። «አሁን የቀረኝ ቅርፁ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ አለበስኩት። እማዬ ትዳስሰውና አይደለም ትላለች።»

በዚህ መሃል ከጓዳ ደከም ያለ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ጸደንያ፣ ከማን ጋር ነሽ? ያ ሰውዬ እስቲ ደግሞ ይራመድ።»

ጸደንያ ወደ እኔ ዞረች። በልጅነቴ ወድቄ ስለተሰበርኩ ግራ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ነው፣ ስራመድም ግራ እግሬን ጎተት አደርጋለሁ። ይህን ጉድለቴን ሰው ሲያየው አፍር ነበር። እሷ ግን፣ መንገዱን ሁሉ የጥቅሉ ክብደት ያጎበጠኝ መስሏት ኖሮ፣ አሁን ትከሻዬን ያለ ሸክም አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የራጉኤልም ትከሻ እንዲህ ነበር፤ አረማመዱም» አለች። ከዚያ ሙጫ የጠጣውን ጋቢ ከገመዱ አውርዳ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ ነውር ካልሆነብዎ እስኪደርቅ ይልበሱልኝ። እማዬ መጥታ ስትዳስስዎ ደግሞ፣ እባክዎ፣ ዝም ይበሉላት።»